ድንኳኑ ለሽያጭ ቀርቧል

የምሸጠው ዕቃ አለኝ። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ተኩል የማይበልጥ የአንድ ሰው ድንኳን፣ እጅ ውስጥ የምትገባ የጋዝ ምድጃ፣ እንዲሁም በብስክሌት መሪ፣ በመሐል ብረቱና በኮርቻው ሥር የሚታሰሩ ውኃ የማያስገቡ ሦስት ቦርሳዎች። ድንኳኑ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ለአንድ ሰዓት ያህል ተተክሏል። ምድጃዋ ተለኩሳ አታውቅም።

ለምን እንደምሸጠው ለጠየቀኝ ሁሉ "ብር ፈልጌ ነው" እያልኩ ነው የምመልሰው። ውሸት አይደለም። እውነቱ ግን ከዚያ ይረዝማል፤ ዛሬ ረጅሙን ልጻፈው።

ተወልጄ ያደግኩት ቡታጅራ ነው። የእናቴ ወገኖች ወልቂጤ ናቸው። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ሁለቱ ከተሞች በተለያየ አቅጣጫ ያሉ ናቸው፤ ወልቂጤ በጅማ መንገድ፣ ቡታጅራ በሆሳዕና መንገድ። አሁን ደግሞ በአስተዳደርም ተለያይተዋል፤ አንዱ የጉራጌ ዞን፣ ሌላው የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ከተማ ሆኗል። በመሐላቸው ግን ያለው አንድ ተራራ ነው። ልጅ ሆኜ እናቴ አክስቴን ልትጠይቅ ስትሄድ አዲስ አበባ ድረስ ወጥታ እንደገና ስትወርድ አይ ነበር። "ተራራውን ለምን አናቋርጠውም?" እላት ነበር። ትስቃለች።

አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ሲቀረው አቋርጠዋለሁ አልኩ። በብስክሌት። ከቡታጅራ ተነስቼ፣ ደጋውን በጉመር በኩል አልፌ፣ በአገና፣ በእምድብርና በጉብሬ ወርጄ፣ ለ2018 መስቀል አክስቴ ቤት ልደርስ። ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ፣ በሦስተኛው ቀን ወልቂጤ።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የተበላሸው መግዛት ስጀምር ነው።

ማታ ማታ ስልኬ ላይ የፈረንጆቹን ቪዲዮ አያለሁ። ብስክሌታቸው ላይ ቤታቸውን አስረው በረሃና ጫካ የሚያቋርጡ ሰዎች ናቸው። የራሳቸው ሃይማኖት አላቸው፤ ግራም ይቆጥራሉ። የጥርስ ብሩሹን እጀታ ቆርጦ የሚጥል ሰው አይቻለሁ። ትምህርታቸው ግን መሠረት አለው። ከጓዝ ሁሉ የሚከብዱት ሦስት ናቸው ይላሉ፤ መጠለያው፣ መኝታውና ከሥር የሚነጠፈው። እነዚህን ካቀለልክ አቀበቱ ይቀልልሃል። ሌላው ደግሞ ብርድ የሚገባው ከላይ ብቻ አይደለም፤ መሬቱም ሙቀትህን ይስባል። የምትደርበውን ያህል የምታነጥፈውም ያስፈልግሃል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው።

ችግሩ ቀላል ዕቃ ውድ መሆኑ ነው። በከበደ ቁጥር ይረክሳል፣ በቀለለ ቁጥር ኪስ ያራቁታል። ዋጋው ደግሞ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 እንዳለፈ ሁላችንም እናስታውሳለን። ያን ጊዜ ዘይትና ስኳር እየቆጠርን አማርረናል። እኔ ከዓመት በኋላ በዚያው ምንዛሪ ድንኳን ገዛሁ።

ድንኳኑንና ምድጃዋን አሜሪካ ያለ የአጎቴ ልጅ ሻንጣው ውስጥ ከትቶ አመጣልኝ። ምድጃዋ የምትሠራው በራሷ ዓይነት ትንሽ የጋዝ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ግን አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፤ እሳት ነውና። አዲስ አበባ ውስጥ ስፈልግ ሰነበትኩ። የሚያሳዩኝ ሁሉ ለቤት የሚሆነውን ትልቁን ሲሊንደር ነው። እንግዲህ ጋዝ የሌላት ምድጃ ይዤ ቀረሁ። ይህም አላስተማረኝም። ቦርሳዎቹን ከቴሌግራም ሻጭ አዘዝኩ። ቀጥሎ የመኝታ ከረጢት፣ ቀጥሎ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት። በስምንት ወር ውስጥ ወደ 70 ሺህ ብር ሄደ።

ነሐሴ ላይ ታላቅ ወንድሜ ደወለ። ለመስቀል ሰንጋ በየዓመቱ እናዋጣለን። ጉራጌ ለሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልነግረውም፤ ላልሆነ ሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የተበተነ ቤተሰብ አንድ ደጅ ላይ የሚሰበሰብበት ነው ብል ይበቃል። "ዘንድሮ ግማሹን ብቻ ብሰጥስ? ኑሮ ከበደኝ" አልኩት። "ችግር የለም ወንድሜ፣ እኛ እንሸፍነዋለን" አለኝ። ይህን ስናወራ ድንኳኑ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነበር።

መስከረም 11 ብስክሌቴን አውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ አስጭኜ ቡታጅራ ገባሁ። ብስክሌቱ ከዓመታት በፊት ያገለገለ የገዛሁት ባለ 26 ኢንች ነው። የእህቴ ልጅ መንገድ ዳር ጎማ ይጠግናል፤ የብስክሌትም የባጃጅም። ያለው አንድ የእንጨት ሣጥን ነው። ውስጡ መዶሻ፣ ጎማ የሚፈለቅቅበት የተጠፈጠፈ የማንኪያ እጀታ፣ ማጣበቂያ፣ የተቆራረጠ ካላማዳሪ። እንዲያደንቅልኝ ዕቃዬን ዘረገፍኩለት። ድንኳኑን በአንድ እጁ አነሳና "አየር ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ከውጭ ያስመጣሁትን መጠባበቂያ ካላማዳሪ አየና ግን ራሱን ነቀነቀ። "ጋሼ፣ አፉ ቀጭን ነው። ይኼን እኛ ጋ የሚነፋልህ የለም። መንፊያህ ከጠፋ አለቀልህ።" ከሣጥኑ የተለመደውን ባለ ወፍራም አፍ አውጥቶ ሰጠኝ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን አሽከረከረ። ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አደረገው።

"የፍሬን ሸራው አልቋል። የኋላው ብረቱ ሊወጣ ነው። ጠዋት ሱቅ ሲከፈት ልቀይርልህ፣ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።"

"ስንት ነው?"

"ለሁለቱም አራት መቶ ብትይዝ ይበቃል።"

እኔ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ለመነሳት ወስኛለሁ። የፀሐይ መውጫውን ከአቀበቱ ላይ ፎቶ ላነሳ። "ስመለስ ትቀይርልኛለህ" አልኩት። ሁለቴ ነገረኝ። ሁለቴም እንደዚያው መለስኩ።

የመጀመሪያው ቀን መልካም ነበር፤ ማለትም አብዛኛውን ገፋሁት። ቡታጅራ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የዘቢዳር ጫፍ ከ3,500 ሜትር ያልፋል። ጫፉን ባልወጣውም ትከሻውን መሻገር ነበረብኝ። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል የሚባለውን ጣቶቼ መሰከሩ። በሶዬን በውኃ በጥብጬ እየጠጣሁ፣ ቆሎ እየቆረጠምኩ ወጣሁ። ፈረንጆቹ በፓኬት ደርቆ የታሸገ ምግብ በብዙ ዶላር ይገዛሉ። በሶ እኮ ያው ነው! ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም። ሲገዛ ያላሳፈረኝ ብቸኛ ስንቅ እሱ ነበር።

ሲመሽ ደጋው ላይ አንድ መንደር ደረስኩ። ቤቶቹ ፊት ሰፊ የሣር ሜዳ ተዘርግቷል፤ ጀፎረ ነው። ለማያውቅ ሰው ባዶ ሜዳ ይመስላል። ጀፎረ ግን መንገድ ነው፤ ፈረስ የሚጋለብበት፣ ለቅሶ የሚቆምበት፣ መስቀል የሚከበርበት፣ ልጅ የሚቦርቅበት። ማንም ቆርሶ አጥሩን እንዳያሰፋበት ባህላዊው ሕግ ይጠብቀዋል። ማንም የማይወስደው ለሁሉም የሆነ መንገድ ማለት ነው። እኔም ጥግ ይዤ ድንኳኔን ተከልኩ።

አንድ ሰዓት አልቆየሁም። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው መጡ፤ ከኋላቸው ሁለት ጎረምሶች።

"ማነህ? የማን ልጅ ነህ?"

አባቴን፣ አያቴን ቆጠርኩ። መታወቂያዬንም አሳየሁ። ዘመኑ አዲስ ፊት በዝምታ የሚታለፍበት አይደለም፤ በዚህ አልተቀየምኩም። የአያቴን ስም ሲሰሙ ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ ቁጣው ሌላ ሆነ።

"ታዲያ ቤት እያለ ሜዳ ላይ? ነገ ሰው ምን ይለናል ልጄ? እንግዳ ከደጃቸው አሳደሩ እንዲሉን ነው?"

ድንኳኑን ጎረምሶቹ ነቀሉት። ጎጆው ውስጥ እሳት ይነድዳል፤ ላሞቹ በወገናቸው ያመነዥካሉ። ቆጮ በጎመንና በአይብ በላሁ። ባለቤታቸው የመኝታ ከረጢቴን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ጋቢ ደረቡልኝ።

እዚህ ላይ ታሪኩን "የሀገራችን ሰው እንግዳ ይወዳል፣ ዕቃ አያስፈልግም" ብዬ ብዘጋው ብዙ ላይክ አገኝ ነበር። ግን አይሆንም። ጋቢ ዝናብ ሲመታው እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ደግሞም እንግዳ ሆኖ መሄድ ሰዎቹ ከሌላቸው ላይ መካፈል ነው። የመኝታ ከረጢቱን የማልሸጠውም ለዚህ ነው። የምነግራችሁ የሁለተኛውን ቀን ነው።

ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ጠዋት ከደጋው ወደ አገና አቅጣጫ ቁልቁለት ጀመርኩ። ብስክሌት ለነዳ ሰው ይህ የደመወዝ ቀን ነው። ትናንት የገፋሁትን ዛሬ በነፃ ልበላው ነው። ግን እርጥብ ጭቃና አሸዋ የፍሬን ሸራ ጠላት ነው፤ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከኋላዬና ከመሪዬ የታሰረው ጭነት 14 ኪሎ ይሆናል፤ ክብደቱ ወደታች ይገፋል። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው፤ ብረት ብረትን ሲፍቅ። የኋላው ሄደ። የፊቱን ጨመቅሁ፤ እጀታው እስከ መጨረሻው መጣ፣ ብስክሌቱ ግን አልቀነሰም።

ከመታጠፊያው ወዲያ አንዲት ልጅ ነበረች። አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ቢጫ ጀሪካን በገመድ አዝላ፣ ጎንበስ ብላ፣ መንገዱን ይዛ ትወጣለች። "ዘወር በይ! ዘወር በይ!" ብዬ ጮህኩ። ሃያ ሊትር ያዘለ ሰው ዘወር አይልም። ቀና አለችና አየችኝ፤ እዚያው ቆመች።

ወደ ቦዩ ወረወርኩት። የመሪው ጫፍ ጀሪካኑን ጫረው። እሷ ወደ ኋላ ወደቀች፣ እኔ ከቦዩ ወዲያ።

ተነስታ ቆመች። ጉልበቷ ተልጧል እንጂ ደህና ናት። እኔ የግራ እጄ አንጓ ተሰብሯል፤ ያኔ ገና አልተሰማኝም። ልጅቷ የምታለቅሰው ለጉልበቷ አልነበረም። ጀሪካኑ ተሰንጥቆ ውኃው ቁልቁል ይወርዳል። እሷ በእጇ ስንጥቁን ለመድፈን ትታገላለች።

ዜና የምትከታተሉ ሰዎች ናችሁ፤ በዚህ አገር ውኃ ምን ማለት እንደሆነ አላስረዳችሁም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ወልቂጤ ላይ ውኃ ጠፋ ብለው ጀሪካን ይዘው አደባባይ በወጡ ሰዎች ላይ የደረሰውን፣ ሕይወት መጥፋቱንም ታስታውሳላችሁ። እኔም ያን ጊዜ እንደሰው ሁሉ አዝኜ፣ ተናድጄ ጽፌያለሁ። አሁን ጀሪካን የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ።

ሰው ተሰበሰበ። አንድ ወጣት ሁለት እንጨት አመጣና በቦርሳዬ ማሰሪያ እጄን ጠፍሮ አሰረልኝ። አባቷ ከማሳው እየሮጠ መጣ። ልጁን ከላይ እስከ ታች ዳሰሳት። ከዚያ ብስክሌቱን አየ፤ ቦርሳዎቹን አየ፤ እኔን አየ። ይመታኛል ብዬ ነበር። በመገረም ድምፅ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

"ፍሬን የለውም እንዴ?"

መልስ አልነበረኝም። ምን ልበል? የ70 ሺህ ብር ዕቃ ጭኛለሁ፣ 400 ብሩን ግን ስመለስ ልከፍል ነበር ልበል? የጀሪካኑን ዋጋ ሰጠሁት፤ ተቀበለ። ልጅቷ ሌላ ጀሪካን ይዛ ወደ ምንጩ ስትመለስ አየኋት። ከዚያ በሞተር ወደ ከተማው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ።

ወልቂጤ የደረስኩት በሚኒባስ፣ እጄ በጀሶ ነው። አክስቴ ደጅ ላይ ጠብቃ "ብስክሌቱስ?" አለችኝ። መንደሩ ቀርቷል አልኳት። "ይቅር" አለችና ወደ ውስጥ ገባች። መስቀሉን በአንድ እጄ በላሁ። ማታ ለወንድሜ ስለ መዋጮው እውነቱን ነገርኩት። ብዙም አልተናገረም። ክትፎውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው፤ ይህ ከስድብ በላይ ከበደኝ።

ከዚያ ወዲህ የማስበው ስለ ቅደም ተከተል ነው። ለምን ድንኳኑ ቀደመና የፍሬኑ ሸራ ተከተለ? አቅም አላጣሁም፤ ዕውቀትም አላጣሁም፤ ሁለቴ ተነግሮኛል። መልሱ ቀላልና አሳፋሪ ነው። ድንኳኑ እኔን ይጠብቃል፣ ፎቶም ያምራል። ፍሬኑ የሚጠብቀው ከፊቴ ያለውን ሰው ነው። ያን ሰው ደግሞ ዕቃ ስመርጥ በሐሳቤ እንኳ አላየሁትም።

ይህ በሽታ የእኔ ብቻ አይመስለኝም። በየከተማው በኮሪደር ልማት የብስክሌት መንገድ ሲቀባ አያለሁ። እደግፈዋለሁ፤ ብስክሌተኛ ነኝ፣ ከመኪና የተለየ መንገድ ነፍስ ያድናል። ግን ከቀለሙ ቀጥሎ ምን አለ? የእህቴ ልጅ ዓይነቱ ጠጋኝ መለዋወጫ በምን ዋጋ ያገኛል? ተማሪው ብስክሌት መግዛት ይችላል? የሚታየው ቀድሞ፣ የሚያስፈልገው "ስመለስ" እየተባለ ስንት ነገር ቀርቷል።

እንዲህ ያልነበረበትም ጊዜ ነበር። በ1950ዎቹ ጉራጌዎች ከአዲስ አበባ ገበያ፣ ከሱቅና ከሊስትሮ ሣጥን ሳንቲም እያዋጡ በማኅበር መንገድ ማሠራት ጀመሩ። ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደው መንገድ ታሪክ ውስጥ የእንዲህ ያለ ማኅበር እጅ አለ። እነዚያ ሰዎች ለመታየት የሚሆን ብዙ ነገር መግዛት ይችሉ ነበር። ቀድመው የጠየቁት ግን በሽተኛ በምን ይወጣል፣ እህል በምን ይገባል የሚለውን ነው።

ለብስክሌት ጉዞ ዕቃ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ በተሰበረ እጅ የተማርኩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሌላውን ሰው ከእናንተ የሚጠብቀውን ግዙ፤ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ገመድ፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ ደወል። ቀጥሎ የሚያስኬዳችሁን፤ ካላማዳሪ፣ መንፊያ፣ ማጣበቂያ፣ መጠባበቂያ ካቴና። ይህንንም ስትገዙ በምትሄዱበት አገር ያለው ጎሚስታ የሚያውቀውን ዓይነት ምረጡ። ፈረንጅ ያደነቀው ባለ 29 ጎማ ገጠር ላይ ቢፈነዳ ምትክ አይገኝም፤ 26 ግን ይገኛል። ሦስተኛ ከብርድና ከዝናብ የሚያወጣችሁን። ቦርሳውን ማንም ጥሩ ሸራ ሰፊ ከመኪና ሸራ ይሠራላችኋል፤ ይከብዳል፣ ግን አይቀደድም። የማታውቁትን ዕቃ ሁሉ ከጉዞው በፊት ቤት ሞክሩት። ጋዝ የሌላት ምድጃ ብረት ናት።

ድንኳን? ድንኳን የመጨረሻው ነው። ያለሱ መሄድ የማይቻልበት ቦታ አለ፤ እዚያ ለምትሄዱ ይጠቅማችኋል። እኔ እዚያ አልሄድኩም።

ብስክሌቱን ኅዳር ላይ ሄጄ አመጣሁት። ያ አባት ጎተራው ሥር አቆይቶልኝ ነበር። ሁለት አዲስ ጀሪካን ይዤ ሄጄ ነበር፤ ልጅቷ አንዱን ተቀብላ ውስጡን አየች፣ ምንም ሳትለኝ ሄደች። ይቅር እንዳለችኝ አላውቅም። ቡታጅራ ሲደርስ የእህቴ ልጅ ፍሬኑን ቀየረ። አሮጌውን ሸራ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ እንደ ጥፍር ሳስቷል። ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

እንግዲህ ዕቃው ያ ነው። ድንኳኑ፣ ምድጃዋ፣ ቦርሳዎቹ። ዋጋው ከገዛሁበት ግማሽ፤ ከሚገኘው ላይ የዘንድሮው መዋጮዬ ሙሉውን ይከፈላል፣ ያለፈው ዓመት ጉድለትም ይሟላል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። ብስክሌት ላለው ገዢ አንድ ጥንድ የፍሬን ሸራ እመርቃለሁ። መጀመሪያ ግን እሱን አስቀይሮ መጥቶ ያሳየኝ፤ ድንኳኑን የምሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።